ፊታችሁን ስትታጠቡ

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ የሰው ቆዳ ሳክም ኖሬያለሁ። በቅርቡ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። ለብጉሯ ብላ በቀን አራቴ ፊቷን በጀርም ገዳይ ሳሙና ታሻለች፤ በላዩ ላይ አልኮል ትጨምርበታለች። አፍንጫዋ ጥግ ላይ ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ ነጭ ቅርፊት ይዟል። «ዶክተር፣ ውኃ ሲነካኝ እንኳ ያቃጥለኛል» አለችኝ።

እኔም በወጣትነቴ ጀርም ሁሉ ጠላት ይመስለኝ ነበር። ቆዳ ደግሞ ዝም ብሎ የቆመ ግድግዳ። ለመጣው ሁሉ ጠንካራ ሳሙና አዝ ነበር። ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐሳቤን ካስቀየሩኝ ነገሮች አንዱ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው። አልጄሪያ የተወለደችው ያስሚን በልካይድና ባልደረቦቿ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ አንድም ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦችን ወሰዱ። ቆዳቸው ውስጥ ሌይሽማንያ የሚባል ተህዋስ ከተቱባቸው። እኛ አገር ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ቁስል የሚያመጣው ተህዋስ የቅርብ ዘመድ ነው። የአይጦቹ መከላከያ ሴሎች በደንብ አልተነሱም፤ ተህዋሱም ተራባ። ለሌሎቹ ግን አስቀድመው አንድ ባክቴሪያ ብቻ ቆዳቸው ላይ ቀቧቸው፦ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ፣ አሁን እናንተም ቆዳ ላይ ያለውን። የእነዚህ መከላከያ ነቃ። ደግሞ የአንጀት ባክቴሪያን በመድኃኒት ሲያመናምኑ የቆዳው መከላከያ አልተናጋም። ቆዳ የራሱ ጎረቤቶች አሉት ማለት ነው። ይህን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ።

አይጥ ሰው አይደለም፣ ይህን አልረሳም። ይኸው ባክቴሪያም በደም ሥር በገባ ቱቦ በኩል ደም ውስጥ ከዘለቀ ክፉኛ ያሳምማል። በሰላም የሚያኖረው ያልተሰነጠቀ ቆዳ ነው። እናንተ ደግሞ ስታሹት የምታፈርሱት ያንኑ ነው።

እጃችሁን በሳሙና መታጠብ እንዳትተዉ፣ አደራ። ፊታችሁን ግን በቀን ሁለቴ፣ በለስላሳ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ፣ በጣታችሁ ብቻ ታጠቡ። ከጓደኛ የተረፈ የአንቲባዮቲክ ቅባት አትቀቡ። ብጉር ከቆሻሻነት የሚመጣ አይደለምና አትሸማቀቁ፤ ሕክምና አለው፣ ኑ።

ተማሪዋን ሳሙናውንም አልኮሉንም አስቆምኳት፤ ቀለል ያለ ማለስለሻ ብቻ ሰጠኋት። ከወር በኋላ ተመለሰች። ቅርፊቱ ለቋል። አገጯ ላይ ሁለት ብጉር ቀርቷታል፣ ለእነሱ መድኃኒት ጻፍኩላት። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ዛሬ ጠዋት ስታጠብ አላቃጠለኝም» አለችኝ።