የሲቲ ምስልን ከትራከር ጋር ማዛመድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥ፦ ሬጂስትሬሽኑ (የሲቲ ምስሉን በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ትራከሩ፣ ማለትም የመሣሪያን ቦታ የሚከታተለው ሲስተም፣ ከሚያየው ታካሚ ጋር ማዛመዱ) ሲያልቅ ሶፍትዌሩ 0.6 ሚሜ ስህተት ይላል። የፖይንተሩን (ትራከሩ የሚከታተለውን መጠቆሚያ ዘንግ) ጫፍ አፍንጫ ላይ ሳሳርፈው ግን ስክሪኑ ላይ 4 ሚሜ ያህል ርቆ ይታያል። የቱን ልመን?

መ፦ አፍንጫውን። 0.6 የሚለው ኤፍአርኢ ነው፤ ለስሌቱ የገቡት ማርከሮች (ቆዳ ላይ የሚለጠፉ፣ በሲቲው የሚታዩ ምልክቶች) ከተዛመዱ በኋላ በምስሉ ላይ ባላቸው ቦታና በፖይንተሩ በተነኩበት ቦታ መካከል የቀረውን ክፍተት ብቻ ይለካል። ሐኪሙ የሚፈልገው ቲአርኢን፣ ማለትም ቢላዋው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለውን ስህተት ነው። አንዱ አነስተኛ ስለሆነ ሌላውም አነስተኛ ነው ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የፖይንተሩን ካሊብሬሽን ነው። የጫፉ ቦታ በስህተት ተመዝግቦ ሳለ ማርከሮቹን ሁሉ ፖይንተሩን በአንድ አቅጣጫ ይዛችሁ ከነካችሁ፣ ስህተቱ ወደ ስሌቱ ሽግሽግ ገብቶ ይደበቃል፤ ኤፍአርኢም ያማረ ይሆናል። እጃችሁን ስታዘነብሉ ነው የሚወጣው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጫፉን በማይነቃነቅ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ትከሉና እጀታውን በየአቅጣጫው አዙሩት። ስክሪኑ ላይ ያለው ጫፍ አብሮ ከዞረ ካሊብሬሽኑን ድገሙ።

ጥ፦ ስንት ማርከር ይበቃል? ቁጥሩን ስጨምር ኤፍአርኢ እየባሰብኝ ነው።

መ፦ ይጨምራል፤ ግን አልባሰም። በሒሳብ ዝቅተኛው በአንድ መስመር ላይ ያልተደረደሩ 3 ነጥቦች ናቸው። እያንዳንዱን ማርከር ስናመለክት የምንስተው በአማካይ 1 ሚሜ ነው እንበል። በ3 ማርከር የሚጠበቀው ኤፍአርኢ 0.58 ሚሜ ነው፤ በማርከሮቹ መሀል ያለው ቲአርኢም 0.58። በ10 ማርከር ኤፍአርኢ ወደ 0.89 ከፍ ሲል ቲአርኢ ወደ 0.32 ይወርዳል። ስለዚህ ቁጥሩ እንዲያምር ብላችሁ “መጥፎ” የምትሉትን ማርከር አትሰርዙ። መንሸራተቱን በዓይናችሁ ካያችሁ ብቻ አውጡት።

ከብዛቱ ይልቅ አቀማመጡ ይወስናል። ማርከሮቹ ዒላማውን እንዲከቡ በትኗቸው፤ ሁሉም ግንባር ላይ ከሆኑ ወደ ማጅራት በሄዳችሁ ቁጥር ስህተቱ ያድጋል። ቆዳው የሚላላበትን ጉንጭ እና ትራስ የሚጫነውን የኋላ ራስ ተዉ፤ ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ይሻላል። የሲቲው ቁራጭ ውፍረት 1 ሚሜ ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ በ3 ሚሜ የማርከሩን መሀል መለየት ግምት ይሆናል።

ጥ፦ የማዛመጃውን ስሌት በኤስቪዲ (አንድን ማትሪክስ ወደ ሦስት ማትሪክሶች ብዜት በሚከፍል ዘዴ) ራሴ ጻፍኩት። አንዳንዴ ግራና ቀኙ ይገለበጣል።

መ፦ የማሽከርከሪያውን ማትሪክስ ዲተርሚናንት ተመልከቱ። −1 ከሆነ የመስታወት ግልባጭ ነው፤ ኤስቪዲ ከሚሰጣችሁ ማትሪክሶች አንዱ የሆነውን የቪን የመጨረሻ ዓምድ ምልክት ቀይራችሁ ማትሪክሱን እንደገና አስሉ። ነጥቦቹ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያሉ ያህል ከሆኑ ግልባጩ በትንሽ ኤፍአርኢ ያልፋል፤ ስለዚህ ፍተሻውን ሁልጊዜ በኮዱ ውስጥ አኑሩ።

ሌላ የሚመሳሰል ችግር አለ። ዳይኮም (የሕክምና ምስሎች የፋይል ደረጃ) ኤክስን ወደ ታካሚው ግራ፣ ዋይን ወደ ጀርባ ይቆጥራል፤ ስሪዲ ስላይሰር የተባለው የምስል ሶፍትዌር በውስጡ ኤክስን ወደ ቀኝ፣ ዋይን ወደ ፊት። ሁለት ምልክት አብሮ ሲቀየር ግልባጭ አይሆንም፤ የ180 ዲግሪ ዙር ነው። ዲተርሚናንቱም ኤፍአርኢውም አይነግሯችሁም። ነጥቦቹ ከየትኛው ሥርዓት እንደመጡ ፋይሉ ላይ ጻፉ።

ጥ፦ ማርከር ሳንለጥፍ ፊቱን በፖይንተር ብንቃኝስ?

መ፦ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ በአይሲፒ፣ ማለትም የተቃኙትን ነጥቦች ደጋግሞ ወደ ምስሉ ገጽ በሚያስጠጋ ስሌት ነው። ግን አይሲፒ በአቅራቢያው ያገኘው መፍትሔ ላይ ይቆማል፤ በ3 ግምታዊ ነጥቦች አስጀምሩት። ለስላሳ ግንባር ብቻ ከቃኛችሁ ነጥቦቹ ገጹ ላይ ይንሸራተታሉ። የአፍንጫ አጥንትንና የዓይን ጉድጓድን ጠርዝ ጨምሩ፤ ቆዳውንም አትጫኑ።

ጥ፦ መጀመሪያ ልክ ነበር፤ ታካሚው ከተሸፈነ በኋላ ተዛነፈ።

መ፦ ሪፈረንስ ፍሬሙ (ከታካሚው ራስ ጋር የሚታሰረው፣ ትራከሩ የሚከታተለው መነሻ) ተነክቷል። የፖይንተሩ ቦታ የሚሰላው ከካሜራው ሳይሆን ከፍሬሙ አንጻር ነው፤ ካሜራው ቢንቀሳቀስ ችግር የለም፣ ፍሬሙ ከራስ ቅሉ አንጻር ከተነቃነቀ ግን ሲስተሙ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። 0.5 ዲግሪ መዞር በ150 ሚሜ ርቀት 1.3 ሚሜ ይሆናል፤ ፍሬሙን በተቻለ መጠን ወደ ዒላማው አቅርቡ። ከመሸፈኑ በፊትና በኋላ ለሬጂስትሬሽን ያልተጠቀማችሁበትን አንድ የአጥንት ምልክት ንኩ። ካሜራው የሚያያቸውን በፍሬሙና በፖይንተሩ ላይ ያሉ የማርከር ኳሶችንም እዩ፦ የደም ጠብታ ግማሹን ከሸፈነው ካሜራው መሀሉን ወደ ንጹሑ ጎን ያስበዋል።

ጥ፦ ኦፕቲካል ወይስ ኤሌክትሮማግኔቲክ ትራከር?

መ፦ ግትር መሣሪያ ከሆነና ካሜራው ያለ ከልካይ ማየት ከቻለ ኦፕቲካል። ጫፉ ሰውነት ውስጥ የሚታጠፍ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ከሆነ ኤሌክትሮማግኔቲክ፤ ነገር ግን በአካባቢው ያለ ብረት ትራከሩ የሚጠቀምበትን መግነጢሳዊ መስክ ያዛባዋል፤ ስለዚህ ትክክለኛነቱን በዚያው አልጋና በእነዚያው መሣሪያዎች መካከል ለኩ።

ጥ፦ በአንጎል ቀዶ ሕክምና የራስ ቅሉ ከተከፈተ በኋላስ?

መ፦ በአንጎሉ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ሲወጣ አንጎሉ ይሰምጣል፤ መጠኑ አንዳንዴ ከ1 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ሬጂስትሬሽኑ የተሠራው ከራስ ቅሉ ጋር ስለሆነ አጥንት ላይ ብትፈትሹት አሁንም ልክ ይላችኋል። ከዚያ ወዲያ ለጥልቅ ዒላማ የድሮውን ምስል አትመኑ፤ በቀዶ ሕክምናው መሀል አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ይነሣ።