"አላውቀውም፣ አሳዩኝ" ማለትን ልመዱ

በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ የምትሠሩ፣ ወይም ኮንትራት ፈርማችሁ ሻንጣ የምታዘጋጁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ መጀመሪያ በኢንጂን ሩም (በሞተር ክፍል)፣ በኋላም በኤሌክትሮ-ቴክኒካል ኦፊሰርነት፣ ማለትም የመርከቡን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች በመከታተል፣ ብዙ ዓመት ባሕር ላይ ሠርቻለሁ። ብዙ ወጣቶቻችን ሲሳፈሩም አይቻለሁ። ጎበዞች ናችሁ። ትምህርቱን በደንብ ጨርሳችሁ ነው የምትመጡት። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ፊታችሁ ያለውን ስክሪን ሳታውቁት "አውቀዋለሁ" ትላላችሁ።

ለምን እንደሆነ ይገባኛል። እኔም ብዬዋለሁ።

አንድ መርከብ ላይ የተሳፈርኩት ሌሊት ነበር። የምተካው ሰው አውሮፕላን ሊያመልጠው ስለነበር ርክክባችን 40 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ጀነሬተሮቹን የሚቆጣጠረውን ስክሪን አሳየኝና "ይሄን ታውቀዋለህ አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት። ተመሳሳይ ሲስተም ሌላ መርከብ ላይ ሠርቼበት ነበር። የሞተር ክፍሉ ኃላፊ፣ ቺፍ ኢንጂነሩም አጠገባችን ቆሟል። ገና ከመግባቴ አላውቅም ማለት ከበደኝ።

በሦስተኛው ሌሊት የሚሠራው ጀነሬተር ጠፋ። ተጠባባቂው ወዲያው ተነስቶ መተካት ነበረበት። አልተነሳም። ለካ አንድ ሰው ለጥገና ብሎ ከአውቶ ወደ ማኑዋል አዙሮት፣ እንደዚያው ቀርቷል። እኔ በለመድኩት ሲስተም ይህን የሚያሳየው ምልክት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። እዚህ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ገጽ አልከፈትኩትም። መርከቡ ጨለመ፣ ዋናው ሞተርም ቆመ። የአደጋ ጊዜ ጀነሬተር በሕጉ መሠረት በ45 ሰከንድ ውስጥ ኃይል መስጠት አለበት፤ እሱ ሥራውን ሠራ። ክፍት ባሕር ላይ ስለነበርን ማንም አልተጎዳም። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ብንሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ብሪጅ ላይ፣ ማለትም መርከቡ ከሚመራበት ክፍል የምትሠሩትም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። በ2013 (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ኦቪት የተባለች ታንከር (ፈሳሽ ጭነት የምትጭን መርከብ) በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ዶቨር መተላለፊያ ላይ ቫርን ከሚባለው የአሸዋ ደለል ላይ ወጥታ ቆመች። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ያገኙትን ማንበብ ያስደነግጣል። በኤክዲሱ፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ ካርታው ላይ የተሰመረው መስመር በቀጥታ ደለሉን አቋርጦ ያልፋል። መስመሩን የሠራው ልምድ የሌለው ጀማሪ ኦፊሰር ነው። ካፒቴኑ አላረጋገጠውም። የአላርሙ ድምፅ አይሠራም ነበር። ተረኛው ኦፊሰር መርከቧ መቆሟን እስኪረዳ 19 ደቂቃ ፈጀበት። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሰዎቹ የኤክዲስ ሥልጠና የወሰዱ መሆናቸው ነው። ሰርተፍኬቱ ነበራቸው፤ ማሽኑን ግን አያውቁትም።

ብዙ ቦታ የሚሰጠው አጠቃላይ የኤክዲስ ኮርስ 40 ሰዓት ነው። የምትማሩበት ማሽን የአንድ አምራች ነው፣ መርከቡ ላይ የሚጠብቃችሁ ደግሞ የሌላ ሊሆን ይችላል። ሜኑው ይለያል፣ አላርሙ ይለያል። ስለዚህ ስትሳፈሩ መጀመሪያ የምታዩት የጥልቀት ቅንብሩን ይሁን። "ውኃው ከዚህ ካነሰ አደጋ ነው" ብላችሁ ለማሽኑ የምትነግሩት ቁጥር አለ። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው መርከቡ ባዶ ሳለ ያስገባው ቁጥር ሊሆን ይችላል። ዛሬ መርከቡ ጭነት ይዞ ጠልቋል። ማሽኑ የቆየውን ቁጥር አምኖ ዝም ይላል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተሰላ ጠይቁ። መልስ የሚሰጣችሁ ከጠፋ ራሳችሁ አስሉና ለካፒቴኑ አሳዩት።

በተሳፈራችሁበት መርከብ ያለውን መሣሪያ ማለማመድ የኩባንያው ግዴታ ነው። ይህ የደኅንነት አስተዳደር ደንቡ ላይ ያለ ነገር ነው። በርክክብ ቀን "ተለማምጃለሁ" የሚል ቅጽ ይሰጧችኋል። እባካችሁ ያልተለማመዳችሁትን አትፈርሙ። "ይህን ገና አላየሁትም፣ አሳዩኝና እፈርማለሁ" በሉ። በትህትና ከተባለ የሚቆጣ ካፒቴን ብዙም አላጋጠመኝም። ይልቁንም ከዚያ በኋላ ሰውየው ያምናችኋል።

ጂፒኤስን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2017 ጥቁር ባሕር ላይ ከ20 የማያንሱ መርከቦች ጂፒኤሳቸው የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ናችሁ አላቸው። ያኔ ለብዙዎች ጉድ ነበር። አሁን ሲግናል ማወክና ማሳሳት በብዙ የባሕር መስመሮች የተለመደ ሆኗል። ኤክዲሱ፣ ኤአይኤሱ (መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን ለሌሎች የሚያሳውቁበት መሣሪያ)፣ አንዳንዴ የመርከቡ ሰዓት ሳይቀር ከዚያው ጂፒኤስ ነው የሚጠጡት። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም አብረው ይሳሳታሉ፣ ስክሪኖቹም እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። ስለዚህ በራዳር ከመሬት ያላችሁን ርቀት ለኩ፣ የጥልቀት መለኪያውን ከካርታው ጋር አስተያዩ፣ በመስኮት ተመልከቱ። ይህን በሰላሙ ቀን ካልለመዳችሁት በጭንቁ ሰዓት አይመጣላችሁም።

ኢንጂን ሩም ያላችሁ ደግሞ አላርም ሲጮኽ ቶሎ አክኖሌጅ ("አይቼዋለሁ" የሚለውን ቁልፍ) ተጭናችሁ ጸጥ አታድርጉት። መጀመሪያ አንብቡት። ሰዓቱንና ቁጥሩን ጻፉ። ብዙ አላርም በአንዴ ሲመጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ሌሎቹ እሱን ተከትለው የመጡ ናቸው። ዝርዝሩን ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት እንዴት እንደሚቻል በመጀመሪያው ቀን እወቁ።

ስለ ሳይበር ደኅንነት ከ2021 ጀምሮ ኩባንያዎች በደኅንነት አስተዳደራቸው ውስጥ እንዲያካትቱት ተጠይቀዋል። ለእኛ ግን ነገሩ ከፍላሽ ይጀምራል። ካርታ የሚታደስበት ፍላሽ ለዚያ ሥራ ብቻ ይሁን፤ ፊልም አይጫንበት። ስልካችሁን ብሪጅ ላይ ባለ ኮምፒውተር ዩኤስቢ ቻርጅ አታድርጉ። ቴክኒሽያን ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣም ከመሰካቱ በፊት በቫይረስ መመርመሩን ጠይቁ። እንግዳ ነው ብላችሁ በይሉኝታ አትለፉት።

ኮርስ ለመውሰድ ገንዘብ የምታወጡ ካላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ሲሙሌተሩ ላይ (እውነተኛውን መሣሪያ አስመስሎ በሚያለማምደው ማሽን) እያንዳንዱ ተማሪ በእጁ ስንት ሰዓት ይሠራል? መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሳትማሩ ሰርተፍኬት እንሰጣለን ከሚሏችሁ ሽሹ። ቀጣሪዎች የሰርተፍኬትን ቁጥር ካወጣው አገር ባለሥልጣን ዘንድ ያጣራሉ፤ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ የእናንተ የባሕር ሕይወት እዚያው ያበቃል። ሥራ ለማስቀጠር ክፍያ የሚጠይቅ ኤጀንት ደግሞ የ2006ቱን የባሕር ሠራተኞች ስምምነት እየጣሰ ነው።

መርከብ ላይ በኮምፒውተር የሚሰጡ ኮርሶችም አሉ። ብዙ ልጆች ሌሊት ከሥራ በኋላ፣ ዓይናቸው እየተከደነ "ቀጥል፣ ቀጥል" እያሉ ይጨርሷቸዋል። ይህ ሥልጠና አይባልም። ደንቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣችኋል። ኩባንያው ጨርሱ ያላችሁን ኮርስ ከዚያ ዕረፍት ላይ አትቁረጡ፤ የሥራ ሰዓት እንዲመደብለት ቺፉን ጠይቁ። ኢንተርኔት ካላችሁም፣ ከቤተሰብ ጋር ካወራችሁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ለመሣሪያችሁ ማንዋል ስጡ። አንድ ቀን አንድ ምዕራፍ ይበቃል።

ኮንትራታችሁ አልቆ ስትወርዱ ደግሞ የሚተካችሁን ሰው አስቡት። እሱም ሌሊት ደክሞት ይመጣል፣ እሱም ማፈሩ አይቀርም። ሁለት ገጽ ማስታወሻ ተዉለት። የትኛው አላርም በሐሰት እንደሚጮኽ፣ የትኛው ሴንሰር እንደተቀየረ፣ ባክአፑ መቼ እንደተወሰደና የት እንደተቀመጠ ጻፉለት። ፓስወርዱን ግን ወረቀቱ ላይ አትጻፉ፤ ለቺፉ በእጁ ስጡት። ከዚያ ስክሪኑን አንድ በአንድ፣ ሁለተኛውን ገጽ ጨምሮ፣ እሱ ራሱ በእጁ እንዲከፍተው አድርጉ።