ጥቁር አፈር ላይ ጓሮ ለምትጀምሪው እህቴ

ሰላም እህቴ፤ እንኳን ለአዲሱ ቤትሽ አበቃሽ! ለገጣፎ እንደገባሽና ከቤቱ ጀርባ ትንሽ መሬት እንደተረፈሽ ጽፈሻል። «ከጎመን እስከ ፍራፍሬ ሁሉም ዓይነት እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ፤ አፈሩ ግን ጥቁር ነው፤ ከየት ልጀምር?» ነው ጥያቄሽ። እኔም ወደ ሰንዳፋ መውጫ ያው ዋልካ ላይ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ችግኝ ከመግዛትሽ በፊት የውሃ መውጫ ሥሪ። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ሐምሌ ላይ ሥሩ ውሃ ውስጥ የከረመ ጎመን ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ሰው ታዲያ ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለውና ይጨምርበታል። የሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች ዋልካውን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፊ መደብ ያወጣሉ፣ በመሃል ቦይ ይተዋሉ። ለጓሮም ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላየሁም። የመደቡ ስፋት አንድ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ከሁለቱም በኩል ቆመሽ ሳትረግጪው መሃሉ ጋ ትደርሻለሽ። ከፍታው አንድ ስንዝር ይበቃል።

ደላሎች «ቀይ አፈር በሲኖ እናምጣልሽ» ማለታቸው አይቀርም። እኔ አልመክርሽም። ዋልካ ለሥራ ያስቸግራል እንጂ ድሃ አፈር አይደለም። ያንን ብር ለፍግ አውዪው። ትኩስ እበት ሥር ስለሚያቃጥል ተከምሮ የቆየውን፣ ሽታው የጠፋውን ፈልጊ። ግንበኞች ቀብረውት የሄዱትን ሲሚንቶ፣ ጠጠርና ሚስማርም አስቀድመሽ አስለቅሚ።

ከዚያ የዛፎቹን ቦታ ወስኚ። ጎመን ቢሰለችሽ ትነቅይዋለሽ፤ ዛፍ ግን ቦታ ከያዘ ያዘ ነው። ከቤቱ ግድግዳ አርቂያቸው። ይህ አፈር ዛፍ ሳይኖርም መሠረት ያንቀሳቅሳል፤ ሥር ደግሞ እርጥበቱን ሲመጥ ይብስበታል። ባሕር ዛፍማ ጨርሶ አታስቢው።

ኮክና ፕሪም የእኛን ብርድ ይችሉታል። ፖም ካማረሽ አንድ ብቻ አትግዢ። «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የሚባሉትን ዝርያዎች ጎን ለጎን ትከያቸው፤ ያለ ጓደኛ ፍሬያቸው ያንሳል። ሁለቱም ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ናቸው፤ ለዚህ ነው ለእኛ ደጋ የሚስማሙት። አቮካዶ ከሆነ የተዳቀለውን ግዢ፤ ከውርጭ የሚከለል ጥግ ፈልጊለት፣ ጉብታ ላይም ትከዪው። ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ማንጎ ግን ይቅርብሽ። ችግኝ ሻጩ «ይበቅላል» ቢልሽ አልዋሸም፤ ይበቅላል፣ ፍሬ ግን አትጠብቂ።

አሁን ወደ አትክልቱ። «ሁሉም ዓይነት» ያልሽውን በአንድ ቀን አትትከዪ፤ በየወቅቱ እያፈራረቅሽ ነው ዓይነቱ የሚበዛው። አሁን ሚያዝያ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሳያልቅ ቆስጣና ሰላጣ ልትጀምሪ ትችያለሽ። ሰኔ ላይ የሐበሻ ጎመንና ድንች። የድንች ዘር ስትፈልጊ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ጉደኔ ወይም በለጠ ጠይቂ፤ የክረምቱን በሽታ እንዲቋቋሙ ታስበው የወጡ ናቸው። መስከረም ዝናቡ ሲከዳ ካሮትና ቀይ ሥር ዝሪ። ካሮት ተነቅሎ አይዛወርም፣ እዚያው መደቡ ላይ ነው የሚዘራው። አፈሩ በፍግ ካልላላ ደግሞ ተጣምሞ ይወጣል። ለወጥ ምንም አይልም!

ቲማቲም ላይ ብዙ ሰው ይሞኛል። ክረምት ላይ ከተከልሽው በሽታ ይጨርሰዋል። መስከረም ላይ ከተከልሽው ደግሞ ገና ሲያብብ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይደርስበታል። እኔ ጥር መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር ተክዬ ክረምት ሳይገባ እለቅማለሁ። ታዲያ ያኔ ውሃ ይጠይቃል። ቧንቧው በፈረቃ ስለሆነ የጣሪያሽን አሸንዳ ከሮቶ ጋር አገናኚው። የበጋውን በሙሉ ባይሸፍንልሽም የበልጉን ዝናብ ትይዥበታለሽ።

ጤና አዳም፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ደረቅ ቦታ ስለሚወዱ የመደቡ ጠርዝ ላይ አድርጊያቸው። ጤና አዳሙን በዛ አድርጊው፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤት የሚያንኳኳው ለእሱ ነው። ጥግ ላይ አንድ እንሰት ቢኖርሽ ለድፎ ዳቦ ኮባ መግዛት ይቀርልሻል። ለአጥሩ ደግሞ ኮሽም ጥሩ ነው፤ እሾሁ ከብት አያስገባም፣ ፍሬውም ይበላል።

የሴፕቲክ ታንከሩ አካባቢ ጥሬ የሚበላ ቅጠል አትትከዪ። ቦይ ከማስቆፈርሽም በፊት አንድ ከባድ ዝናብ ጠብቂ። ከላይ በኩል ያለው ጎረቤት ውሃውን ወዴት እንደሚለቅ በዓይንሽ እዪ፤ በአንቺ ጓሮ የሚያልፍ ከሆነ መደብ ሳታወጪ በፊት ከእሱ ጋር ተነጋገሩበት።