አራት ፓርክ በአራት ቀን፣ የአያት ጉልበትና ሌሎች ጥያቄዎች

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የፖስታ ሣጥኔ መልኩን ይለውጣል። ዓመቱን ሙሉ ስለ አማትና ስለ ቤት ኪራይ ሲጽፉልኝ የቆዩ ሰዎች፣ በአንድ ቀን የተማከሩ ይመስል፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው ግዙፍ መዝናኛ ወዳለበት፣ ይነሣሉ። ዘንድሮም እንደዚያው ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ በተለይ አንደኛው ከነሠንጠረዡ ስምንት ገጽ ስለ ነበር ጸሐፊው ይቅር ይበሉኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ የልጅ ጋሪ ከተወች ቆይታለች። ለዲዝኒ ወርልድ ጋሪ ልከራይላት ወይ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ተከራዪላት። እስከ ቀትር በእግሯ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ጀርባሽ ላይ ናት። የራስሽን ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ከ79 ሴንቲሜትር በላይ የሚሰፋ ወይም ከ132 በላይ የሚረዝም ጋሪ አያስገቡም፤ ሠረገላ መሳዩን የሚጎተተውንም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ስሜ ይቅር ያሉ የዳላስ አባት ናቸው። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በነጻ ይገባል፤ የእሳቸው ልጅ ሦስት ከሞላው አምስት ሳምንቱ ነው፤ ሰውነቱ ግን ትንሽ ነው። "ሁለት ነው ብል ማን ያውቃል?"

መልስ፦ ልጁ ያውቃል። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ዕድሜውን ሲጠይቁት ሦስት ጣቱን ቀስሮ አፍንጫዎ ሥር ያመጣዋል፤ የበሩ ሠራተኞች ደግሞ ከልጅ ጋር መጫወት ይወዳሉ። ትኬቱን ይግዙ። ለነገሩ የልጅ ዋጋ የሚሠራው ከ3 እስከ 9 ዓመት ላለው ነው፤ አሥር የሞላው እንደ ትልቅ ሰው ይከፍላል። ታላቅ ወንድሙ ዘጠኝ ዓመቱ ከሆነ ጉዞውን ለከርሞ አያሳድሩት።

ጥያቄ፦ የአሌክሳንድሪያው አባት መሐንዲስ ናቸው፤ ባይነግሩኝም ከሠንጠረዡ አውቀው ነበር። የሦስትና የአምስት ዓመት ልጆቻቸውን ይዘው በአራት ቀን አራቱንም የዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች ሊያዳርሱ ነው። ቀኑ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ተሸንሽኖ፣ በቀለም ተለይቶ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ተሞልቷል። "የረሳሁት ነገር አለ?" ይላሉ። ወረፋ የሚያሳጥረውን ክፍያ ይክፈሉ እንደሆነም ጠይቀዋል።

መልስ፦ እንቅልፍ ረስተዋል። ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ አየሁት። የምሳ ረድፍ አለ፣ የፎቶግራፍ ረድፍ አለ፣ ለስጦታ ዕቃ መግዣ እንኳ ግማሽ ሰዓት ተመድቧል። የሦስት ዓመት ልጅ የሚተኛበት ረድፍ ግን የለም።

ማጂክ ኪንግደም በ1971 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ኤፕኮት በ1982፣ ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው በ1989፣ አኒማል ኪንግደም በ1998 ተከተሉ። ባለቤቶቹ አራቱን ለማዳረስ 27 ዓመት የፈጀባቸውን እርስዎ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሊጨርሱት ነው። ማን አሳደደዎት?

የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ትኬቱ ለአንድ ሰው በቀን ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ እንዴት ተኝተን እናሳልፈዋለን? እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ ፍሎሪዳ ወሰድኋት። የከሰዓት በኋላውን የሰልፍ ትርኢት ከፊት ሆና እንድታይ ብዬ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሬ መንገድ ዳር መሬት ላይ ቦታ ያዝኩ። ትርኢቱ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጭኔ ላይ እንቅልፍ ጣላት። ቀሰቀስኋት። ከበሮው ሲመታ ጮኸች፤ ያሸበረቀው ሠረገላ ሲያልፍ ጮኸች፤ ልዕልቲቱ እጇን ስታውለበልብላት ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ቀበረች። ፎቶግራፉ ዛሬም አለ፤ የእሷ ዓይን አብጧል፣ እኔ ጥርሴን ገልጫለሁ።

አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስለዚያ ጉዞ ስጠይቃት የምታነሣው የሆቴላችን ግድግዳ ላይ የነበረውን ቡናማ እንሽላሊት ብቻ ነው። ፍሎሪዳ እንደ እሱ ባሉ ትንንሽ እንሽላሊቶች የተሞላ አገር ነው፤ ወንዱ ጉሮሮው ሥር ያለውን ቀይ ቆዳ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ መልሶ ያጥፈዋል። ልጄ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ በዘረጋ ቁጥር ትቆጥርለት ነበር። አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ እጇን ይዤ ጎተትኋት፤ መግቢያው እንዳይጨናነቅብን ብዬ።

እንግዲህ ሠንጠረዡን ያርሙልኝ። ኤፕኮትንና ሆሊውድ ስቱዲዮስን ይሰርዙ፤ ልጆቹ መጫወቻዎቹ የሚጠይቁትን ቁመት እስኪያወጡ ይጠብቋቸዋል። ለማጂክ ኪንግደም ሁለት ቀን ይስጡ። በመካከሉ አንድ ቀን ባዶውን ይቀመጥ፤ የሆቴሉ መዋኛ ይበቃል። አራተኛው ቀን ቀጭኔና ዝሆን በመኪና ላይ ሆኖ ለሚታይበት ለአኒማል ኪንግደም ይሁን። በር ሲከፈት ይግቡ፤ ወረፋው አጭር የሚሆነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ያህል ነው። ወደ ማጂክ ኪንግደም ደግሞ መኪና አቁሞ ዘው ማለት የለም፤ ከማቆሚያው ሐይቁን በጀልባ መሻገር ወይም ሞኖሬል በሚሉት ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር መዞር አለ። አሥራ አምስት ደቂቃ ብለው የጻፉትን አርባ አምስት ያድርጉት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሆቴል ይመለሱና መጋረጃውን ዘግተው ይተኙ፤ እርስዎም ጭምር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሱ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የፍሎሪዳ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ማጉረምረም ልማዱ ነው፤ መብረቅ ሲኖር ደጅ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ሌላው ሰው በየጣሪያው ሥር ሲጋፋ እርስዎ ያንኮራፋሉ።

ላይትኒንግ ሌን የሚሉትን የወረፋ ማሳጠሪያ መግዛት የሚቻለው በዲዝኒ ሆቴሎች ለሚያርፍ ከ7 ቀን በፊት፣ ለሌላው ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። ለማጂክ ኪንግደም አንዱን ቀን ብቻ ቢገዙ ይበቃል። በነጻ ያለውን ግን አይለፉት፤ ትንሹ ልጅ ለማይፈቀድለት መጫወቻ አንዱ ወላጅ ሲገባ ሌላው ከልጁ ጋር ይቆይና በኋላ ረጅሙን ወረፋ እንደገና ሳይሰለፍ ይተካዋል። በሩ ላይ ላለው ሠራተኛ "ራይደር ስዊች" ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጃችን ልደት ላይ የአንበሳ ልብስ የለበሰ ሰው አይቶ ሲያለቅስ ዋለ። ሚኪ ማውስን ይለምደው ይሆን?

መልስ፦ ትከሻዎ የሚደርስ አይጥ እጁን ዘርግቶ ቢመጣብዎት እርስዎስ ይለምዱታል? ከሩቅ ያሳዩት፤ አይግፉት።

ጥያቄ፦ ይህን ደብዳቤ በልጅ ልጃቸው እጅ ያስጻፉት እናት 71 ዓመታቸው ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፣ አሁን የሚኖሩት ኮሎራዶ ነው። ልጃቸው "እማዬ፣ አንቺም ትዝናኛለሽ" ብላ ትኬት ቆርጣላቸዋለች። "ቦርሳ ጠባቂ ልሆን ነው መሰለኝ። ጉልበቴም አያስኬደኝም። እምቢ ብላት ደግሞ ቅር ይላታል።"

መልስ፦ እማማ፣ የጠረጠሩት እውነት ሳይሆን አይቀርም። ስንት አያት በዚያ ሙቀት አግዳሚ ወንበር ላይ ስድስት ቦርሳ ታቅፋ፣ "መጣን" ያሏትን ስትጠብቅ አይቻለሁ መሰለዎት! ይሂዱ፤ ግን ሳይነሡ ይናገሩ። መግቢያው ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል፤ "አያሻኝም" ብለው እንዳያስቀሩት፤ እዚያ በአንድ ቀን የሚኬደው የሳምንት መንገድዎ ነው። አንዱን ቀን ሆቴል እንደሚውሉ ከአሁኑ ይንገሯት። ማታ ልጆቹን ማን ይጠብቅ የሚለውም "እማዬ አለች አይደል" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በግልጽ ይነጋገሩበት።

የድሬዳዋ ልጅ ነዎትና አንድ ነገር ልንገርዎት። ማጂክ ኪንግደምን ዙሪያውን የሚዞር የእንፋሎት ባቡር አለ። ለጌጥ የተሠራ እንዳይመስልዎት፤ ሎኮሞቲቮቹ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ተሠርተው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ዩካታን በሚባል አገር፣ ሰውና ዕቃ ሲጎትቱ የኖሩ ናቸው። መቀመጫ አለው፣ ነፋስ አለው፣ ከወረዱ በኋላም እንደገና መሳፈር ይችላሉ። የልጅ ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡና ስለዚያኛው ባቡር፣ ስለ ጅቡቲው፣ ያጫውቱት። ቦርሳውን ልጅዎ ትያዝ።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ደብዳቤ አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። የአትላንታዋ እናት የሰባት ዓመት ልጇ የውጭ ምግብ አይበላምና ዶሮ ወጥ ይዛ መግባት ትፈልጋለች። የሲያትሉ አባት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ዐቢይ ጾም መካከል ወድቆባቸው የስምንት ዓመት ልጃቸው ጾሙን ይፍታ አይፍታ ይላሉ።

መልስ፦ ምግብ ማስገባት ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው የብርጭቆ ዕቃ፣ አልኮልና ማሞቅ የሚያስፈልገው ምግብ ነው። እኅቴ፣ ዶሮ ወጡ ቢፈቀድስ? በዚያ ሙቀት ግማሽ ቀን ቦርሳ ውስጥ የዋለ ወጥ ለልጅ አይሰጥም። ድፎ ዳቦ ቁረጪለት፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ጨምሪበት፤ ወጡ ቤት ሲመለስ ይጠብቀዋል። ውሃ አትግዢ፤ ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች በረዶ ያለበት ውሃ በኩባያ በነጻ ይሰጣሉ።

ለሲያትሉ አባት፦ በዲዝኒ የምግብ ዝርዝር ላይ የቅጠል ምልክት ያለበት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለበት ነው፤ ጾመኛ አይራብም። ይፍታ አይፍታ የሚለው ግን የንስሐ አባትዎ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት መንታ ወንዶች አሉኝ። በዚያ ሕዝብ መካከል ቢጠፉብኝስ ብዬ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ በየቀኑ ከሆቴል ሳትወጡ በለበሱት ልብስ ፎቶግራፍ አንሻቸው፤ ደንግጠሽ ሳለ "ምን ለብሶ ነበር?" ሲሉሽ ይጠፋብሻል። ስልክ ቁጥርሽን ክንዳቸው ላይ ጻፊ። ከጠፉ የስም ምልክት ደረቱ ላይ ያደረገ ሠራተኛ ዘንድ እንዲሄዱ አስተምሪያቸው፤ ሆቴሉ ውስጥ ምልክቱን እያሳየሽ ተለማመዱ።

የእኛን ቤት የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። "እናትህ ማን ይባላሉ?" ሲባል "ማሚ" የሚል ልጅ ብዙ ነው። ቢያውቀው እንኳ እሱ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፣ አንቺ በአባትሽ ስም፤ ወረቀት ላይ እናትና ልጅ አትመስሉም። ይህን ለማያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት ቆሞ ማስረዳት አድካሚ ነው። የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ፎቶግራፍ ስልክሽ ውስጥ አኑሪ፤ ስምሽንም ከነአባትሽ ስም በዜማ አስጠኛቸው። ለመንታ ሁለት ቀን ይበቃል፤ እርስ በርስ ይፎካከራሉ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ባለፈው ዓመት ትኩሳት ይዞት አንድ ጊዜ አንቀጥቅጦት ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። የሚያብለጨልጭ መብራት ያለባቸው መጫወቻዎች ላይ ብናወጣው ችግር አለው? ጎረቤቴ ምንም አይሆንም ብላኛለች።

መልስ፦ ይህን እኔም ጎረቤትሽም አንመልስም። የሚመልሰው ልጁን የሚያውቀው ሐኪም ነው፤ ዛሬ ደውዪለት፣ ትኬት ሳይቆረጥ። ጥያቄዎችሽን ጽፈሽ ያዢ፦ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ በጉዞ ላይ ትኩሳት ቢነሣበት ወይም እንደገና ቢያንቀጠቅጠው ምን እንደምታደርጉ። መድኃኒት ካዘዘለት በእጅ ቦርሳሽ እንጂ በሻንጣ አይሂድ፤ አባትየውም አጠቃቀሙን ይወቅ። ሐኪሙን ሳታነጋግሪ እንደገና ብትጽፊልኝ አልመልስልሽም።

ጥያቄ፦ ዕረፍት የማገኘው በነሐሴ ብቻ ነው። የአምስት ዓመት ልጄን የት ልውሰዳት? (ከአቡ ዳቢ)

መልስ፦ ጣሪያ ሥር። ያስ ደሴት ላይ በ2018 የተከፈተው ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤቱ ፌራሪ ወርልድ ለትልልቅ ልጆች ይሻላል።

ጥያቄ፦ የልጆቻችን ጓደኞች ሁሉ ኦርላንዶ ሄደዋል። እኛ አቅም የለንም፤ በክሬዲት ካርድ እንሂድ ይሆን? (ባልና ሚስት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ስለ ብድር የሒሳብ ባለሙያ አማክሩ። እኔን ከጠየቃችሁ ግን አትሂዱ። ከእናንተ ዘንድ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ርቆ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ቸኮሌት ሠሪው ሚልተን ኸርሺ ከመቶ ዓመት በፊት ለሠራተኞቹ የከፈተው ኸርሺ ፓርክ አለ። እዚያ የልጅ ቁመት በከረሜላ ስም ይጠራል፤ ትንሹ "ሚኒየቸር" ነው፣ ከፍ ሲል "ኪስስ"፣ ከዚያ "ሪሲስ" እያለ ይወጣል። አምና "ኪስስ" የነበረ ልጅ ዘንድሮ መለኪያው ሥር ሲቆም አንገቱን የሚያስረዝመውን ማስረዘም ማየት ብቻ የትኬቱን ዋጋ ያወጣል። ልጆቹ በጣም ትንንሽ ከሆኑ ላንካስተር ያለው ደች ዎንደርላንድ ይመቻቸዋል። ጠዋት ሄዳችሁ ማታ በገዛ አልጋችሁ ታድራላችሁ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። "ስድስት ዓመት ተኩል ነኝ። 110 ሴንቲሜትር ነኝ። ስፔስ ማውንቴን 112 ይላል። በገና እንሄዳለን። ጫማዬ ውስጥ ካልሲ ብጨምርበትስ?"

መልስ፦ ጎበዝ! በአማርኛ ስለጻፍክልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ "ሴ" ወደ ግራ ዞራለች፣ ምንም አይደለም። ካልሲ ግን አይሆንም፤ ስፔስ ማውንቴን የሚበር ባቡር ነው፣ የሚይዝህ ብረት ሰውነትህን እንጂ ካልሲህን አያውቅም። በአንተ ዕድሜ ያለ ልጅ በዓመት አምስት ወይም ስድስት ሴንቲሜትር ያድጋል፤ እስከ ገና ሊደርስልህ ይችላል። በሩ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ፤ እናትህን አስፈቅድ፣ በየቀኑም አትለካ፣ በወር አንዴ ይበቃል። ባይደርስልህ እንኳ ሴቨን ድዋርፍስ የሚባለው የማዕድን ማውጫ ባቡር የሚጠይቀው 97 ነው፤ ለእሱ አሥራ ሦስት ሴንቲሜትር ተርፎሃል።