ለአንድ ጉዳይ አንድ ትንሽ ድረ ገጽ

ጥያቄ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ነው የምሠራው። ለአንድ አገልግሎት ብቻ የሚሆን ትንሽ ሳይት በድሩፓል (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው ነፃ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) እንሥራ ስል፣ አለቃዬ «ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነማ ለሌባ በር መክፈት ነው» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ዋይት ሀውስም ተጠቅሞበታል በላቸው! ዋናውን ድረ ገጹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ወደ ድሩፓል አዞረ። በ2011 ደግሞ አቤቱታ ብቻ የሚቀርብበትን «ዊ ዘ ፒፕል»ን በዚያው በድሩፓል ሠራ። ኢሜይልህን ሰጥተህ ትመዘገብ ነበር፣ ትፈርም ነበር፣ አለቀ። በዓመቱ የሳይቱን ኮድ ራሱ ጊትሃብ ላይ (ኮድ ለሕዝብ የሚጋራበት ድረ ገጽ ነው) ለቀቀው። ኮዱ ክፍት ነው ማለት እኮ የይለፍ ቃሉም ክፍት ነው ማለት አይደለም።

ግን አለቃህ ዝም ብለው አልፈሩም። በጥቅምት 2014 ድሩፓል 7 ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ፣ የድሩፓል የደህንነት ቡድን ማስተካከያው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልጫነ ሁሉ ሳይቱ ተሰብሯል ብሎ ይቁጠር እስከማለት ደርሶ ነበር። ሰባት ሰዓት! የእናንተ ቢሮ በዚያ ፍጥነት ደብዳቤ እንኳ ይፈርማል? ስለዚህ ቢሯቸው ስትገባ «ነፃ ነው» ብለህ አትጀምር፤ ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ የሚያድሰው ማን እንደሆነ ስሙን ይዘህ ግባ።