ጥያቄና መልስ፦ የስኩል ቦርዱ በጀት፣ የዋሽንግተን ቁጣና የእኛ ልጆች

ስለ ሰሜን ቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች በጀት የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተከማችተዋል። ዛሬ የተወሰኑትን እንይ። አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስድቡንም አውጥቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ትራምፕ የፌዴራሉን ገንዘብ ስለያዘው የልጄ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው ይላሉ። እውነት ነው? (እናት፣ ስፕሪንግፊልድ)

መልስ፦ አይዘጋም። ማን ነው እንዲህ የሚያስደነግጥሽ?

ጥያቄ፦ አንድ አባት የቤታቸው ታክስ በየዓመቱ መጨመሩ እንዳማረራቸው በረጅሙ ጽፈውልኛል። ባጭሩ፣ «ስኩል ቦርዱ ታክሴን ይበላል። ልጆቼ ከተመረቁ ቆዩ። እኔን ምን አገባኝ?» ነው የሚሉት።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆችዎ ሲማሩ ልጅ የሌለው ጎረቤትዎም ከፍሎላቸዋል። ይህን እንለፈው። ቁጣዎ ግን አድራሻውን ስቷል። በቨርጂኒያ ስኩል ቦርድ ታክስ መጣል አይችልም። አንድ ሳንቲም እንኳ። የፌርፋክስ ቦርድ 12 የተመረጡ አባላት አሉት። ለ180 ሺህ ገደማ ተማሪ በጀት ያወጣሉ፤ ከዚያ ወረቀታቸውን ይዘው ሱፐርቫይዘሮች የሚባሉት የካውንቲው ምክር ቤት ተመራጮች ዘንድ ደጅ ይጠናሉ። የቤትዎን ታክስ የሚቆርጡት ሱፐርቫይዘሮቹ ናቸው።

ሌላው ተጠያቂ ሪችመንድ ያለው የግዛቱ መንግሥት ነው። ግዛቱ ለየአካባቢው የሚሰጠውን ድርሻ የሚያሰላው በዋናነት በቤቶች ዋጋና በነዋሪው ገቢ ነው። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ጣሪያው ላይ ደርሰዋል፦ ግዛቱ ያስፈልጋል ብሎ ከተመነው ወጪ 80 በመቶውን ራሳችሁ ቻሉ ተብለዋል። የቤትዎ ዋጋ ስለጨመረ ኪስዎ ውስጥ የገባ ነገር የለም፤ ስሌቱ ግን ሀብታም ብሎ ይመዘግብዎታል። የግዛቱ ሕግ አውጪ ራሱ ያሰማራቸው አጥኚዎች በ2023 ያገኙትም ይህንኑ የሚያጠናክር ነው። የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ ከአገሪቱ አማካይ 1,900 ዶላር ያህል ያነሰ ነው የሚያገኙት። ጉድለቱን የሚሞላው እንግዲህ የእርስዎ ቤት ነው።

65 ዓመት ከሞላዎት የታክስ ቅናሽ ይደርስዎት እንደሆነ የካውንቲውን ታክስ ቢሮ ይጠይቁ። የገቢና የንብረት ገደብ አለው።

ጥያቄ፦ ሬስቶራንት አለኝ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 4 በመቶ የምግብ ታክስ ሰብስብ ተብያለሁ። ደንበኛ ክትፎውን በልቶ ሂሳቡን ሲያይ የሚያፈጠው እኔ ላይ ነው። (ፌርፋክስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በ2016 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወድቆ ነበር። ያኔ ከገቢው ትልቁ ድርሻ ለትምህርት ቤቶች ነው ተብሎ ነበር የቀረበው። በኋላ ግዛቱ ካውንቲዎች ያለ ሕዝበ ውሳኔ እንዲጥሉት ፈቀደ፤ ሱፐርቫይዘሮቹም በ2025 አጸደቁት። ከ6 በመቶው የሽያጭ ታክስ ጋር 10 በመቶ ሆነ ማለት ነው። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያሉ ባልንጀሮችህ ከአንተ ቀድመው ለምደውታል። የሰበሰብከው ታክስ የአንተ ገንዘብ አይደለምና ከቤት ኪራዩ ጋር አታደባልቀው። የቀረውን የሂሳብ ባለሙያህ ይንገርህ።

ጥያቄ፦ እዚህ ላይ ሁለት ደብዳቤ አለኝ። በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ አባት፣ «የፌርፋክስ ቦርድ ለመጸዳጃ ቤት ብሎ 167 ሚሊዮን የፌዴራል ዶላር ከሚያጣ ፈርሞ ለምን አይገላገልም?» ይላሉ። አንዲት ወጣት መምህርት ደግሞ፣ «ዛሬ ከተንበረከኩ ነገ ሌላ ትእዛዝ ይመጣል። አንተስ ለምን ዝም አልክ?» ትላለች።

መልስ፦ መጀመሪያ ነገሩን ላልተከታተለ ሰው። በ2025 የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት አምስት የሰሜን ቨርጂኒያ የትምህርት አስተዳደሮችን መረመረ፤ አሌክሳንድሪያን፣ አርሊንግተንን፣ ፌርፋክስን፣ ላውደንንና ፕሪንስ ዊልያምን። ትራንስጀንደር ተማሪዎች ነን በሚሉት ጾታ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ እንዲጠቀሙ የሚፈቅደው ደንባችሁ ታይትል ናይንን (በትምህርት ቤት የጾታ መድልዎን የሚከለክለውን የፌዴራል ሕግ) ይጥሳል፣ ለውጡት አላቸው። አምስቱም እንቢ አሉ። ኦገስት ላይ «ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው» ተብለው ተፈረጁ።

ይህ ማለት ገንዘቡ ተወሰደ ማለት አይደለም። ከራሳችሁ አውጡ፣ ደረሰኝ አምጡ፣ አይተን እንተካላችኋለን ማለት ነው። ዕቁብህን ጣል፣ ዕጣህን ግን ዳኛው ደስ ባለው ቀን ይሰጥሃል እንደማለት። ፌርፋክስና አርሊንግተን ከሰሱ። የአሌክሳንድሪያው የፌዴራል ዳኛ ሴፕቴምበር ላይ ክርክሩ የገንዘብ ስለሆነ የሚታየው በሌላ ፍርድ ቤት ነው ብለው መዝገቡን ዘጉት። ቦርዶቹ ይግባኝ አሉ።

አባቴ፣ «ፈርሞ ይገላገል» ያሉት እዚህ ጋ ይሰናከላል። ቨርጂኒያን የሚዳኘው አራተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2020 በግሎስተር ካውንቲ ጉዳይ ተቃራኒውን ፈርዷል፦ ተማሪውን መከልከሉ ራሱ ታይትል ናይንን መጣስ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2021 ጉዳዩን አላይም አለ። ስለዚህ ቦርዱ ቢፈርም በአንድ በኩል ይከሰሳል፣ ባይፈርም በሌላ በኩል ገንዘቡ ይያዝበታል። መገላገያ የለውም።

አንቺ እህቴ ደግሞ፣ ዝም አላልኩም። የኔ ጭንቀት ሌላ ቦታ ነው። የፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች በጀት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። 167 ሚሊዮኑ ከዚያ ውስጥ አራት በመቶ ቢሆን ነው። ቦርዱን የሚደግፈው ወገን «አራት በመቶ ምን አላት፣ እንቋቋማለን» ይላል። ግን ያቺ አራት በመቶ በሁሉም ልጅ ላይ እኩል አትበተንም። ታይትል ዋን የሚባለው የፌዴራል ገንዘብ የሚሄደው ድሃ ልጆች ወደሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ታይትል ስሪ እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ነው። ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች የተመደበ አለ። የነጻ ምሳም አለበት። ታዲያ የነማን ልጆች ናቸው? በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ከስፓኒሽ ቀጥሎ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ትልቅ ግቢ ባላቸው ሀብታም ሰፈሮች ያለው ትምህርት ቤት ፌዴራሉ ሲቆጣ አይነቃነቅም። የወላጆች ማኅበሩ በአንድ ማታ ጨረታ ያጣውን ይሞላል። የሚነቃነቀው ከአዲስ አበባ በመጣ በሦስተኛ ሳምንቱ ሰባተኛ ክፍል የገባው ልጅ ነው። የሒሳብ መምህሩ ሲያስተምር አጠገቡ ቁጭ ብላ «ዲኖሚኔተር ማለት የታችኛው ቁጥር ነው» የምትለው ረዳት አለች አይደል? በጀት ሲጠብ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የእሷ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ዋሽንግተንን የምቃወመው እዚህ ላይ ነው። በደንቡ መከራከር መብቱ ነው፣ ፍርድ ቤት አለ። ክርክሩ ውስጥ በሌሉ ልጆች ምሳና መምህር ማስፈራራት ግን ነውር ነው። ቦርዱንም አልምረውም። ገንዘቡ ቢቀር ከየትኛው ትምህርት ቤት ምን እንደሚነሳ በየትምህርት ቤቱ ዘርዝሮ ለወላጅ ያሳውቅ፤ በአማርኛም ጭምር። ትራንስጀንደሮቹም ልጆች ናቸው። በቡና ላይ ስንሳለቅባቸው የሚሰማን የራሳችን ልጅ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦቲዝም አለው። ትምህርት ቤቱ በጀት ስለጠበበ የንግግር ሕክምናውን ሰዓት እንቀንሳለን ብሎ ወረቀት እንድፈርም ሰጠኝ። (ዉድብሪጅ)

መልስ፦ አትፈርሚ! ቢያንስ ሳታስመክሪ አትፈርሚ። «በጀት የለም» ሕጋዊ ምክንያት አይደለም። ከ1975 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ ልጅሽ የሚያስፈልገውን አገልግሎት የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ኮንግረሱ ያኔ እንዲህ ያሉ ልጆችን ማስተማር ከሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር። ዛሬ የሚሰጠው 15 በመቶም አይሞላም። ያ የእነሱ ጣጣ ነው፣ የልጅሽ ዕዳ አይደለም። በቨርጂኒያ ደግሞ አይኢፒው (ለልጅሽ የተዘጋጀው የትምህርትና የአገልግሎት ዕቅድ) ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለወጥም። ምክንያታቸውን በጽሑፍ ጠይቂ። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ ትልቁን ልጅሽን እንዳታስተረጉሚው። ከዚያ ፒትክ የሚባለው የቨርጂኒያ ወላጆች ማዕከል ጋ ደውዪ። ለይስሙላ አይደለም የምልሽ፤ በዚህ ሳምንት ደውዪ። ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ የነጻ ምሳ ቅጽ ብሞላ የግሪን ካርዴን ጉዳይ ያበላሽብኛል?

መልስ፦ ቅጹ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም። ሶሻል ሴኩሪቲ ከሌለህ «የለኝም» የሚል ሳጥን አለው። ሆኖም ማመልከቻህ ገና ካልተወሰነ፣ የመንግሥት ዕርዳታ መውሰድ ግሪን ካርድን እንዴት እንደሚነካ የሚወስነው ደንብ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስለሚገላበጥ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቅ። ጠበቃ ስልህ ጠበቃ ነው። ቅጽ ሞዪው፣ ኖታሪው፣ «እኔም እንዲህ አድርጌ ወጣሁ» የሚልህ ጓደኛህ አይደለም።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ለምን ሥርዓተ ትምህርቱን አያስተካክልም? ደግሞስ ተዘግቷል አልተባለም?

መልስ፦ የአገራችን ሚኒስቴር በዓይነ ሕሊናዎ መጥቶ ነው። እዚህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የለም፤ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤትም ሥርዓተ ትምህርት እንዳያዝ በሕግ ታግዷል። ጉልበቱ ገንዘቡ ነው። በማርች 2025 እንዲዘጋ የሚያዝ ትእዛዝ ተፈርሟል፤ ግን በ1979 በሕግ የቆመ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የሚያፈርሰው ኮንግረሱ ብቻ ነው። ሠራተኛው ግን በእጅጉ ተመናምኗል።

ጥያቄ፦ የቦርዱ አባላት ስንት ይከፈላቸዋል?

መልስ፦ በፌርፋክስ ከ2024 ጀምሮ በዓመት 48 ሺህ ዶላር።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ አለኝ። ለስኩል ቦርድ መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ በቨርጂኒያ አትችልም። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ቢሮ) ሄደህ መራጭ ሁን ሲሉህ ዝም ብለህ እንዳትፈርም። ዜጋ ሳትሆን መመዝገብ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ለከተማዋ ምርጫ ዜጋ ላልሆነም ትፈቅዳለች፣ ዲሲም ለአካባቢ ምርጫ እንዲሁ። ያ ለነሱ ነዋሪ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ መምረጥ ካልቻልኩ በአማርኛ ቦርዱ ፊት መናገርስ?

መልስ፦ ይቻላል። ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። ቀድመህ ተመዝገብ፣ ስትመዘገብም አስተርጓሚ እንደምትፈልግ ጻፍ። በጀቱ ጃንዋሪ ላይ ይቀርባል፣ ሱፐርቫይዘሮቹ ኤፕሪል ላይ ሕዝቡን ይሰማሉ፣ ሜይ ላይ ያልቃል። ጁን ላይ ሄዶ መጮህ ትርፉ ድካም ነው። የሚሰጥህ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሰላምታውን አሳጥር፣ የትምህርት ቤቱን ስም ጥራ፣ የትኛው ሥራ እንዳይነሳ እንደምትፈልግ ተናገርና ተቀመጥ።