ጋራዡ ይሻለው ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሀዋሳ ነው። ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ነው፣ የመኪና መካኒክ። አብረውት ይሠሩ የነበሩ ሁለት ልጆች ለቀቁ፣ ምትክ አልመጣም፣ የሦስት ሰው ሥራ እሱ ላይ ወደቀ። ሰሞኑን ፈቃድ ወጥቶ አሥር ቀን ቤት ነበር። ከልጁ ጋር እንኳን ብዙ አላወራም፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላል። አንድ ቀን ብቻ የጎረቤታችንን ባጃጅ ሞተር አውርዶ ሲጠግን ዋለ፣ ያን ቀን ሲስቅ ሰማሁት። ጎረቤታችን ታዲያ «ውጣና አብረን ጋራዥ እንክፈት» አለው። የአገልግሎት ጊዜው ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ልገፋፋው ወይስ ዝም ልበል?
የሃምሳ አለቃ ሚስት

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ባጃጁ ላይ ራስሽ ጽፈሽዋል። ሥራው ያስጠላው ሰው በፈቃዱ ቀን ሞተር አያወርድም። ባጃጁ ግን ማታ ላይ አለቀ፣ ተነሳ፣ ሄደ። እዚያ ጦር ክፍሉ ውስጥ ግን አንድ መኪና ሲወጣ ሦስት ይገባል፤ የለቀቁት ልጆች ሥራቸውን ይዘው አልሄዱማ፣ ለሱ ትተውለት ነው የሄዱት። የትም አገር ጦር ውስጥ ያለ ነገር ነው፦ አንዱ ሲለቅ የቀረው ይደክማል፣ የደከመው ደግሞ በተራው ይለቃል። ደመወዝ መጨመር ብቻውን ይሄን አያቆመውም ባይ ነኝ (ቢጨመር ማን ይጠላል)።

ጥር 1966 ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ለምን እንዳመጸ ታውቂያለሽ? ምግቡ የማይበላ ነበር፣ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፣ መኮንኖቹ ደግሞ ከኛ ጉድጓድ አትቀዱም አሏቸው። ንጉሡ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ይዘው ያንኑ ምግብ አበሏቸው። በረሃውንማ ችለውት ነበር። ያልቻሉት ውሃው አጠገባቸው እያለ ሰሚ ማጣታቸውን ነው።

ስለዚህ ከመገፋፋትሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂው፦ «ምትክ ሰው ይሰጠኝ ብለህ በጽሑፍ አመልክተሃል?» መካኒክ «እኔ እጨርሰዋለሁ» ማለት ይወዳል፣ አለቃው ደግሞ መኪናው እስከተነሳ ድረስ ችግር አለ ብሎ አያስብም። አመልክቶ ዝም ካሉት ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን።

ስለ መውጣቱ ከሆነ ጡረታውን አስቡት። ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥ መንግሥት ለወታደር 25 በመቶ ያዋጣለታል፣ ለሲቪል ሠራተኛ 11 ነው። እስካሁን ስንት ዓመት እንደተቆጠረለት፣ አሁን ቢወጣ ምን እንደሚደርሰው ከሰው ሀብት ክፍሉ በወረቀት ያምጣ። ጊዜው ሳይሞላ፣ መልቀቂያ ሳይዝ ከፈቃድ ሳይመለስ ልቅር የሚል ሐሳብ ካለ ግን ዛሬውኑ ይርሳው፤ ኩብለላ ወንጀል ነው፣ እስር ያመጣል።

ጎረቤትሽንም ጠይቂልኝ እስቲ። «አብረን እንክፈት» ሲል የማንን ብር ማለቱ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም።